ሰዓት የማትለይ ሴት

ሠርካዲስ ሰው ስትንቅ አትቸኩልም ነበር። መጀመሪያ ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች፤ ቀጥላ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ከዚያ "እህ" ትላለች። ያቺ "እህ" ስንቱን ቀጥ ያለ ትከሻ አጉብጣለች! ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ እንጦጦ እግር ሥር ባለው በዚያ ሰፊ ግቢ ሠላሳ ዓመት ስትኖር እሷ ያልናቀችው ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደው ነው።

ግቢው ድሮ የአንድ ደጃዝማች ነበር። ሠርካዲስ ገና ልጅ እግር ሳለች ወጥ ቤት ገብታ፣ ውላ አድራ የጓዳ ቁልፍ ያዥ ሆነች። ደጃዝማቹን ትንቃቸው ነበር። ድሃ ደጃቸው ላይ ሲያለቅስ አይሰሙም፤ በጾም ቀን ግን ወጡ ቅቤ ቅቤ ይላል ብለው ቤቱን ያምሱታል። አብዮቱ መጥቶ ደጃዝማቹ ሲታሰሩ፣ ግቢውም ሲወረስ፣ አብዮቱንም ናቀችው። "ጋላቢው ተቀየረ እንጂ በቅሎዋ ያቺው በቅሎ ናት" አለችና ከጓዳው ጀርባ ያለች ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ንብረት መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ጋር አብረው መዝግበዋት ይሁን እንጃ፣ ማንም ውጪ ያላት የለም። ክፍሏ አንድ መስኮት ያላት፣ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያዋ የሚያፈስ፣ አልጋና ሣጥን ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ናት። ዘመድ የላት፣ ልጅ የላት፣ በዚህ ዓለም የኔ የምትለው ያችኑ ክፍል ነበር።

በሰባ አራት ዓ.ም. ጉድ መጣ። ለወዳጅ አገር ባለሙያዎች ሥጋ ይቀርባል ተባለና ግቢው የመንግሥት አሳማ እርባታ ሆነ። ያ ግብር ይበላበት የነበረው አዳራሽ በእንጨት ተከፋፍሎ ሃያ አራት እናት አሳማ ገባበት። ለሠርካዲስ መጥረጊያና ባልዲ ተሰጣት። ያን ዕለት ፊቷን ወደ እንጦጦ ማርያም አዙራ አማተበችና፣ አሳማዎቹን ከእግር እስከ ራሳቸው አይታ፣ "እህ" አለች።

ሰፈሩ ግን እሷን "እህ" አላት። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች በግቢው አጥር ሲያልፉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። የሽሮ ሜዳ ሰው "የአሳማ አዋላጅ" የሚል ስም አወጣላት። ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ስትሄድ ሴቶቹ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ ይሉላታል። እሷ ምን ገዷት! "ሰው በሐሜት ሲበሉ የሚውሉ፣ እኔ አሳማ ብነካ ረከስሽ ይሉኛል" ትልና ጭራሽ ሰፋ ብላ ትቆማለች። ማታ ክፍሏ ስትገባ ግን እጇን እስኪቀላ በሳሙና ትፈትገው ነበር።

አንድ ክፉ በሽታ ነበረባት፤ የናቀችውንም ሥራ ቢሆን አበላሽታ መሥራት አትችልም። አዳራሹን እንደ ደጃዝማቹ ዘመን አድርጋ ታጸዳዋለች። መሥሪያ ቤቱ ለአሳማዎቹ ቁጥር ሰጥቶ ጀርባቸው ላይ በቀለም ጽፎባቸዋል፤ እሷ ቁጥሩን ትታ ደጃዝማቹ ቤት ይመጡ የነበሩትን ወይዛዝርት ስም አንድ በአንድ አወጣችላቸው። ትልቋን፣ ሆዳሟንና ቁጡዋን፣ በደጃዝማቹ ሚስት ስም "እሜቴ የሺመቤት" አለቻት። እናቶቹ ጠረኑን እንዲያሸቱ ብቻ የተቀመጠውን ያረጀ አውራ አሳማ ደግሞ "ደጃዝማች" ትለዋለች። አውራውን የሚጠብቀው በዳሳ የተባለ ከላይ ከተራራው የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ "ደጃዝማችን አምጣቸው እስቲ" ባለችው ቁጥር ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል።

ሥራ አስኪያጁ ስሙ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበር። አብዮቱ ሲገፋ "ጊዮርጊስ" የሚለውን ከስሙ ቆርጦ ጥሎ "ጓድ ሀብተ" ሆነ። "ሰማዕቱን ከነፈረሱ አባሮ ሀብቱን ብቻ አስቀረ" ትለው ነበር ሠርካዲስ። ጓድ ሀብተ በሽቶ የተነከረ መሐረብ ከአፍንጫው ሳይለይ በሳምንት አንድ ቀን አዳራሹ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ወደ ውስጥ ግን አንድ እርምጃ አይገባም። አዳቃዩ በድሉ ደግሞ ለላም የሰለጠነ፣ ቀጥሎ ውጭ አገር ስድስት ወር ቆይቶ የተመለሰ፣ ነጭ ጋዋን ለባሽ ጎልማሳ ነው። አሳማ እንዳይነካ በአንድ እጁ ላይ ሁለት ሁለት ጓንት ይደርባል። ቤቱ ጳውሎስ በኩል ነው፤ ምሳውን በልቶ ይመጣል፣ ዝናቡ ሳይጥል ይሄዳል። እሱንማ ለመናቅ "እህ" ማለትም አላስፈለጋትም።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በአንድ የብረት ጋን ነው። አንድ የውጭ አገር ዶክተር ምርጥ የአሳማ ዘር በረዶ አድርጎ ይዞ መጣ። ጋኑ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፤ ክዳኑ ሲነሳ ጭስ ይተፋል፤ ጭሱ ደግሞ በብርድ የሚያቃጥል ነው። ዘሩ እንደ ስንዴ አገዳ በቀጠነ ቀሰም ውስጥ ታሽጎ እዚያ ይቀመጣል። ዶክተሩ በእንግሊዝኛ እየተናገረ ጓድ ሀብተ አስተረጎመ፦

"ይህ ዘር በረዶ ሆኖ የቀለጠ ስለሆነ ዕድሜው አጭር ነው። የአውራው የራሱ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ይቆያል፤ ይሄኛው ግን ጥቂት ሰዓት ነው ያለው። ቢቀድምም ዋጋ የለው፣ ቢዘገይም ዋጋ የለው። የእናቲቱ እንቁላል ሊወርድ ሲል መድረስ አለበት።"

ዶክተሩ ትእዛዙን በወረቀት ጽፎ ሄደ። እንግሊዝኛ ዐዋቂ ነኝ ባዩ ጓድ ሀብተ ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ወደ አማርኛ መለሰው፤ በታይፕ አስመታው፤ ማኅተም አሳርፎበት የደጃዝማቹ ፎቶግራፍ ተሰቅሎበት በነበረው ምስማር ላይ አዳራሹ ውስጥ አሰቀለው። "ሰኞ ማታ ቆማ የተገኘች እናት አሳማ ረቡዕ በ8 ሰዓት ትዳቀል" ይላል። ቆመች ማለት ወንድ ፈለገች ማለት ነው፤ በዳሳ በየምሽቱ አውራውን በፊታቸው ያሳልፋል፣ ሠርካዲስ በሁለት እጇ ጀርባቸውን ትጫናለች፣ ጊዜዋ የደረሰው ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ እንደ ምሰሶ ትገተራለች።

በወረቀቱ መሠረት ተሠራ። በድሉ ረቡዕ ምሳውን በልቶ በስምንት ሰዓት ይመጣል፤ ቀሰሙን ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥሎ ሲጋራውን ይለኩሳል፤ ሲመቸው ያወጣዋል፤ ቱቦውን ከትቶ ጨምቆ ይወጣል። በሦስተኛው ሳምንት አሳማዎቹ ዳግመኛ ወንድ ፈለጉ። አልያዙም ማለት ነው። እንደገና ተደረገ፤ እንደገና አልያዙም። ከሁለት ዙር በኋላ ከሃያ አራቱ የያዙት ሦስት ብቻ ነበሩ።

ሠርካዲስ አንድ ነገር አይታለች። እሜቴ የሺመቤት ሰኞ ማታ ቆመች፤ ማክሰኞ ቆመች፤ ረቡዕ ጠዋት መኖ ስትሰጣት ብትጫናት እንደ ግንብ ቆመች። በድሉ በስምንት ሰዓት ሲመጣ ግን ዘወር ብላ ጋዋኑን ነከሰችው።

"ልጄ፣ ስሜቷ እኮ አልፏል" አለችው። "ጠዋት ብትመጣ ነበር እንጂ!"

"እትዬ ሠርካዲስ፣ ይሄ ሳይንስ ነው" አላት፤ ጋዋኑን እያየ። "በስሜት አይሠራም።"

"ተው እንጂ! እሷ በምን የምትሠራ መሰለህ?"

በዳሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳቀ። በድሉ ግን ቱቦውን ከትቶ፣ ጨምቆ፣ መዝገቡ ላይ "8 ሰዓት፣ ተዳቅላለች" ብሎ ፈርሞ ወጣ።

ከላይ ቁጣ መጣ። ሥጋው የት አለ ተባለ። ጓድ ሀብተ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሹ ደጃፍ ሰበሰበና መሐረቡን ከአፍንጫው አንስቶ ጮኸ፦ "ሃያ አራት አሳማ፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ርጉዝ! ይሄ ምን ይባላል? አሻጥር ይባላል! የፊውዳሉ ርዝራዥ ዛሬም በመካከላችን መጥረጊያ ይዞ ቆሟል!"

መጥረጊያ የያዘችው ሠርካዲስ ብቻ ነበረች። ሁሉም ዞሮ አያት።

"የምታጥቢያቸው አንቺ፣ የምታበያቸው አንቺ፤ የጌቶችሽን ቤት ለምን ወረሱት ብለሽ ምን እንደምታደርጊባቸው ማን ያውቃል?" አላት። "የሚቀጥለው ዙር ካልያዘ ክፍሉን ታስረክቢያለሽ። ጉዳይሽም ወደ ከፍተኛ ይመራል።"

በዚያ ዘመን ጉዳዩ ወደ ከፍተኛ የተመራ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ሠርካዲስ ፊቷ አልተለወጠም፤ ከእግር እስከ ራሱ አይታው ነጠላዋን አስተካከለች። ክፍሏ ስትገባ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አራቱን ግድግዳ ስታይ ዋለች። ሣጥኗን ከፍታ ዕቃዋን ለማሰር ሞከረች፤ የት እንደምትወስደው ስታስበው መልሳ ዘጋችው። ፈራች። ሰውን ሁሉ የናቀች ሴት፣ እውነቱ ይነገር፣ ያን ዕለት እንደ ማንኛውም ሰው ፈራች።

በማግስቱ አዳራሹን ስትጠርግ ወረቀቱ ሥር ደረሰች። ሰው ሁሉ ማንበብ አትችልም ይላታል፤ እሷም አልችልም ብላም፣ እችላለሁ ብላም አታውቅም። አባቷ ደብተራ ነበሩ፤ በሰባት ዓመቷ ዳዊት ደግማለች። ቀና ብላ አነበበች፦ "ረቡዕ በ8 ሰዓት።" ያንን ምስማር አየችው። ያንን አዳራሽ አየችው። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

ስምንት ሰዓት! በዚሁ አዳራሽ፣ የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት፣ ደጃዝማቹ አንድ ትልቅ ፈረንጅ ግብዣ ጠርተው ነበር። ፈረንጁ "በስምንት ሰዓት እመጣለሁ" ብሎ ጻፈ። ሠርካዲስ ከሌሊት ጀምራ ስትሠራ አድራ፣ በቀን በስምንት ሰዓት ምሳው ደረሰ፣ መኳንንቱ ተሰበሰቡ፤ ፈረንጁ የለም። ጥብሱ ደረቀ፣ ወጡ ረጋ፣ መኳንንቱ ተቆጥተው ሄዱ። ፈረንጁ ጥቁር ልብሱን ለብሶ አበባ ይዞ የመጣው ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ነው፤ ደጃዝማቹ በሌሊት ልብሳቸው ተቀበሉት። ለካ የፈረንጅ ስምንት የኛ ሁለት ነው! ደጃዝማቹ ደብዳቤውን ራሳቸው አንብበው ራሳቸው ነበሩ ያዘዙት። ግን ጌታ ይሳሳታል? ሠርካዲስን አስጠሩና በፈረንጁ ፊት "ይቺ ደንቆሮ ናት ሰዓት የማትለየው!" አሉ። እሷም ተንበርክካ ጉልበታቸውን ስማ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ" አለች። ሳትናገር ከቀረችው ሁሉ ይልቅ ያቺን የተናገረቻትን እስከ ዛሬ አልረሳችም። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው መናቅ የጀመረችው፤ መጀመሪያ የናቀችው ራሷን ነበር።

ያን ቀን በድሉ ጋዋኑን ሲለብስ ጠበቀችው።

"ልጄ፣ ይሄ ስምንት የማን ስምንት ነው?"

"እንዴት የማን? የሰዓት ነዋ!"

"የኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? የጻፈው ፈረንጅ ነው። የሱ ስምንት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። አሳማዋ ጠዋት ቆማ ስትጠብቅህ፣ አንተ ስድስት ሰዓት ዘግይተህ ምሳህን በልተህ ትመጣለህ!"

በድሉ ስድስት ወር ሙሉ በፈረንጅ ሰዓት ተኝቶ በፈረንጅ ሰዓት የተነሳ ሰው ነው፤ ነገሩ ወዲያው ገባው። ግራና ቀኙን አየ።

"እትዬ፣ ወረቀቱን የተረጎሙት ጓድ ሀብተ ናቸው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ አላየሁም። እርስዎም ባያዩ ይሻልዎታል።"

"እህ" አለች ሠርካዲስ። "እንግዲያው አንተ ተኛ። ጠዋት እኔ እሠራዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ መጥተህ ስምህን ፈርም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር፤ በድሉ ግን "እርስዎ ካሉ እሺ" አለና የጋኑን ክዳን አከፋፈት አሳያት።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንዲህ ሆነ። ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሠርካዲስ ውኃ ታሞቃለች፤ የሙቀት መለኪያው ውኃ ውስጥ ገብቶ ሃምሳ ሲል ቀሰሙን ትነክራለች። ወረቀቱ "አሥራ ሁለት ሰከንድ" ይላል፤ የሰከንድ መቁጠሪያ የላትም። ስለዚህ በረጋ ድምፅ የምትንቃቸውን የአሥራ ሁለት ሰዎች ስም ትጠራለች፤ አንዱ ስም አንድ ሰከንድ ነው። ከጓድ ሀብተ ትጀምራለች፤ በድሉ ሁለተኛ ነው። ስም አጥሯት አያውቅም፤ ለሁለት ቀሰም ሲሆን እንኳ የተደገመ ስም አልነበረም። አሥራ ሁለተኛው ላይ ቀሰሙን አውጥታ፣ አድርቃ፣ ዘሩን ለብ ካለው ማቅጠኛ ፈሳሽ ጋር ትቀላቅለዋለች።

በዳሳ "ደጃዝማችን" አምጥቶ አፍንጫ ለአፍንጫ ያገናኛቸዋል። ሠርካዲስ ጓንት አታውቅም። ጫፉ የተጠማዘዘውን ቱቦ ቀስ ብላ ወደ ግራ እያዞረች ታስገባለች፤ እንደ በድሉ አትጨምቅም፤ አሳማዋ ራሷ እስክትስበው ትጠብቃለች። ጀርባዋ ላይ ክብደት ስትፈልግ ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ፈናጠጥ ትላለች። የመጀመሪያ ቀን እሜቴ የሺመቤት ጀርባ ላይ ስትቀመጥ በዳሳ አውራውን ሊለቀው ምንም አልቀረውም።

"ምን ያስቅሃል?" አለችው። "እሜቴን ስንት ዓመት ከኋላቸው ቆሜ አገለገልኳቸው። ዛሬ ትንሽ ብቀመጥባቸው ምን አለበት?"

በዚያ ዙር አሥር እናት አሳማ ነበር የቆመው። ሁሉንም በጠዋቱ ሠሩ፤ በድሉም ከምሳ በኋላ እየመጣ "8 ሰዓት" እያለ ፈረመ። ከዚያ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ሠርካዲስ በነዚያ ሦስት ሳምንታት ከሳች። ምሽት በመጣ ቁጥር "እባክህ አውራውን ቶሎ አታምጣው" ትለው ነበር በዳሳን፤ ክፍሏ ያለችው በእነዚያ እንስሶች ሆድ ውስጥ ነው።

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። በዳሳ አውራውን በፊታቸው አሳለፈ። ሁለቱ ጆሯቸውን አቆሙ። ስምንቱ ዞረውም አላዩት። እሜቴ የሺመቤት ጭራሽ ጀርባዋን ሰጥታ ተኛች። በዳሳ ደጋግሞ አመላለሰው፤ ምንም የለም። ስምንቱ ይዘዋል!

"እትዬ" አለ በዳሳ፣ ባዶውን ቀሰም ከመሬት አንስቶ እያየው፣ "የናቁት ያስረግዛል ይባል የለ?"

ሠርካዲስ በዚያ ግቢ ሳቋ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ያን ዕለት እያለቀሰች ሳቀች።

አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው እሜቴ የሺመቤት አሥራ አንድ ወለደች፤ ሌሎቹም ተከታተሉ። ጓድ ሀብተ "በተወሰደው ቆራጥ አብዮታዊ እርምጃ ውጤት ተገኘ" ብሎ ወደ ላይ ጻፈ። እሱ ተነሳ፣ እሱ ጮኸ፣ አሳማ ወለደ! ሠርካዲስ ይህን ሰምታ አዳራሹን መጥረጓን ቀጠለች። ክፍሏ በእጇ ናት፤ ሌላው የነሱ ወሬ ነው።

ዶክተሩ ግን ተመልሶ መጣ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ሳይታሰብ በሁለት ሰዓት አዳራሹ ሲገባ፣ ሠርካዲስ አሳማ ላይ ተቀምጣ፣ ቱቦ ይዛ፣ በዳሳ አውራውን ይዞ ቆሞ አገኛቸው። ዶክተሩ ሰዓቱን አየና ራሱን በደስታ ነቀነቀ። ወረቀቱ ስምንት ይላል፣ የሱም ሰዓት ስምንት ይላል። ጓድ ሀብተ መሐረቡን ይዞ እየሮጠ መጣና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ገባ።

ዶክተሩ መዝገቡን ገለጠ። የፊተኞቹ ሁለት ዙሮችም "8 ሰዓት" ይላሉ፤ ያኔ ለምን አልያዙም? ጓድ ሀብተ ጥያቄውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ሳለ ሠርካዲስ ከአሳማዋ ወርዳ፣ እጇን ታጥባ፣ የዶክተሩን ክንድ ይዛ ነበር። ጣቷን ሰዓቱ ላይ፣ ስምንት ላይ አሳረፈች፤ "አሁን" አለች። ከዚያ ጣቷን ሁለት ላይ አደረገች፤ "ያኔ" አለች። ዶክተሩ ጣቷን አየ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየ፤ ቀስ ብሎ ወደ ጓድ ሀብተ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀው። ጓድ ሀብተ ላብ አጠመቀው። በእንግሊዝኛ ሲመልስ ወደ ሠርካዲስ በአገጩ ይጠቁማል። ደጃዝማቹ ቤት ያገለገለች ሴት ጥቂት ጥቂት መስማት አያቅታትም፤ "ሰዓት አታውቅም" ነበር ያለው።

ከወር በኋላ ከላይ ደብዳቤ መጣ። በውጭ ምንዛሪ የመጣ የሁለት ዙር ዘር ለምን ባከነ፣ በጽሑፍ ይብራራ ይላል። ጓድ ሀብተ ሠርካዲስን ቢሮው አስጠራት። ስትገባ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገና ወደ መስኮቱ ዞረ። ጠረጴዛው ላይ የታይፕ ወረቀት ተዘርግቷል፤ አጠገቡ የጣት ቀለም አለ።

"የተጻፈው ቀላል ነገር ነው" አለ ፊቱን ሳይመልስ። "'የሰዓት አቆጣጠር መለየት ባለመቻሌ የተሰጠኝን መመሪያ በትክክል ባለመፈጸሜ' ይላል። ያላወቀ ሰው አይቀጣም፤ ይታለፍልሻል፣ ክፍልሽም ክፍልሽ ናት። አሻፈረኝ ካልሽ ነገ ይታሸጋል፤ ሌላውን ከፍተኛ ይጠይቅሽ።"

ሠርካዲስ ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ሃያ አምስት ዓመት! ሌላ ጌታ፣ ያው ግቢ፣ ያቺው ስምንት ሰዓት። የቀረው ጉልበት መሳም ብቻ ነው። ከንፈሯ ላይ የደጃዝማቹ የሌሊት ሱሪ ሻካራነት መጣባት። ክፍሏም በዓይኗ መጣች፤ አልጋዋ፣ ሣጥኗ፣ አንዲቷ መስኮቷ።

"እስክሪብቶ ይሰጡኛል፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ?" አለች።

ጓድ ሀብተ በመሐረቡ ውስጥ ሳቀ። "ፊርማ ጀመርሽ? ይበል! መሠረተ ትምህርት ፍሬ አፈራ በይኛ!" ከኪሱ አውጥቶ፣ እጇን ላለመንካት ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት። እንደገና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሠርካዲስ አልቸኮለችም። አባቷ ባስተማሯት የቁም ጽሕፈት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቀረጸች ጻፈች፦ "ሠርካዲስ። በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9 ሰዓት ላይ ፈረምኩ። ልዩነቱ ስድስት ነው።"

"ጨረስሽ?"

"ጨርሻለሁ።"

ጓድ ሀብተ በሁለት ጣቱ ጫፍ ወረቀቱን ሳበው፤ የሷ እጅ ያረፈበትን ሊያይ አልፈለገም። ማኅተሙን መታበት፤ ፖስታ ውስጥ ከተተው፤ "ሂጂ" አላት። ክፍሏ ገብታ እጇን ታጠበች። ሣጥኗን ግን ዕቃዋን አጥፋ ሞልታ ዘጋችው፤ ነገ የሚሆነውን ማን ያውቃል? ሁለት ሳምንት በተዘጋ ሣጥን አጠገብ ተኛች።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጓድ ሀብተ አዳራሹ ገባ። መሐረብ አልያዘም። ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል። ሠርካዲስ አንዷን አሳማ ጀርባዋን እየተጫነች ነበር። ወረቀቱን ዘረጋላት፤ ከፊርማዋ ሥር በቀይ ቀለም "ታዲያ ሰዓት የማይለየው ማን ነው? ጓድ ሀብተ ነገ በ8 ሰዓት ቀርበው ያስረዱ" ይላል።

"እትዬ ሠርካዲስ" አለ። እትዬ ብሏት አያውቅም ነበር። "አብረውኝ ይሂዱና... እ... ማለቴ፣ 'ጥፋቱ የኔ ነው' ይበሉልኝ። ስለ ጊዮርጊስ!"

ሠርካዲስ እጇን ከአሳማዋ ጀርባ አነሳች። ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ነጠላዋን አስተካከለች።

"በስንት ሰዓት ነው የጠሩህ?" አለችው።

"በስምንት።"

"በማን ስምንት?"